«ራንካ» እና «ሩካ»፦ ባልቲክና ስላቭ ቋንቋዎች ምን ያህል ይዛመዳሉ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ሊትዌኒያ ውስጥ፣ ካውናስ ከተማ የምትማር ወጣት ናት። አባቷ በሶቪየት ዘመን ኪየቭ የተማሩ ናቸው፤ ሩሲያኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ። በስልክ ሲያወሩ አዲስ የተማረቻቸውን የሊትዌንኛ ቃላት ትነግራቸዋለች፦ እጅ «ራንካ»፣ ራስ «ጋልቫ»፣ ክረምት «ዢዬማ»፣ በረዶ «ሌዳስ»። እሳቸውም «ይሄማ ሩሲያኛ ነው፤ ትንሽ ተበላሽቶ ነው እንጂ» ይሏታል። ይህንኑ ለቋንቋ መምህሯ ብትነግራት መምህርቷ ፊቷ ተለዋወጠ፤ «ሊትዌንኛ ከሩሲያኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም» ብላ ወሬውን ዘጋችው። «ማንን ልመን? ደግሞስ የአባቴ ሩሲያኛ ለትምህርቴ ይጠቅመኛል ወይ?» ትላለች።

እኅቴ፣ አባትሽም መምህርሽም እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ከያዙት እውነት አልፈው ሄደዋል። ዝምድናው አለ፤ ያውም የቅርብ ዝምድና ነው። ሊትዌንኛ ከላትቪያ ቋንቋ ከላትቪኛ ጋር «ባልቲክ» ከሚባለው ወገን ነው፤ ሩሲያኛ ደግሞ ከፖላንድኛና ከዩክሬንኛ ጋር «ስላቭ» ከሚባለው። ከሕንድ እስከ አውሮፓ በተዘረጋው ሰፊ የኢንዶ-አውሮፓዊ የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ ባልቲክና ስላቭን ያህል የሚቀራረቡ ሁለት ቅርንጫፎች ፈልጊ ብባል የምጠቅሰው ሕንዳዊውንና ኢራናዊውን ብቻ ነው። ሊትዌንኛ ግን ከሩሲያኛ አልወጣም። በእኔ እምነት ደግሞ ትልቁ ጥያቄ «ባልቲክና ስላቭ ይዛመዳሉ ወይ?» የሚለው አይደለም፤ እሱ ተመልሷል። ገና የሚያከራክረን «ባልቲክ» የምንለው ራሱ አንድ ቤት ነው ወይ የሚለው ነው። ወደዚያ ቀስ ብለን እንደርሳለን።

መጀመሪያ አባትሽ የሰሟትን «ራንካ» እንያዝ። በጥንቱ ስላቭ የእጅ ስም መካከሉ ላይ በአፍንጫ የሚወጣ አናባቢ ነበረው። ፖላንድኛ ይህን እስከ ዛሬ አልጣለውም፤ ዋርሶ ውስጥ እጅ «ሬንካ» ነው። የዛሬዎቹ ሩሲያኛ፣ ዩክሬንኛና ቤላሩስኛ የወጡበት የምሥራቅ ስላቭ ንግግር ግን በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የአፍንጫውን ድምፅ ትቶ «ኡ» አደረገው፤ «ሩካ» የመጣችው ከዚያ ነው። እንግዲህ «ራንካ» የተበላሸች «ሩካ» ብትሆን ኖሮ አንድ ጊዜ የጠፋው «ን» ከየት ተመልሶ ትክክለኛ ቦታው ላይ ተቀመጠ? ደግሞ ሊትዌንኛ «ሪንክቲ» የሚል ግስ አለው፤ መልቀም፣ መሰብሰብ ማለት ነው። እጅ «ራንካ» የተባለችው ለቃሚ፣ ሰብሳቢ ስለሆነች ነው። ስላቮች ዘንድ ግሱ ጠፍቶ ስሙ ብቻውን ቀርቷል። ሩሲያዊ «ሩካ» ሲል እጅ ለምን እንዲህ እንደተባለች ቋንቋው አይነግረውም፤ ሊትዌኒያዊ ግን ግሱንም ስሙንም ጎን ለጎን ይዟቸዋል።

ይህን ለረጅም ጊዜ የማውቀው ከመጽሐፍ ነበር። አንድ መስከረም ግን ሊትዌኒያ ውስጥ፣ ከቫረና ከተማ ወጣ ብላ ጫካ ዳር ባለች መንደር ተከራይቼ ስኖር፣ አከራዬ የነበሩት አሮጊት ማለዳ ቅርጫት አንጠልጥለው ከጫካው ሲወጡ አገኘኋቸው። ቅርጫቱ ሙሉ እንጉዳይ ነው። በቢላዋ ይቆርጡት እንደሆነ ስጠይቃቸው አፈር የገባባቸውን ጣቶቻቸውን ዘርግተው «ግሪቡስ ረንኩ ራንኮሚስ» አሉኝ። «እንጉዳይ የምለቅመው በእጄ ነው» ማለታቸው ነው። ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ የሁለቱ ቤተሰቦች ግንኙነት ግን ሙሉውን እዚያ ውስጥ አለ። «ራንኮሚስ»፣ በእጄ፣ ከስላቭ ጋር ከአንድ አያት የተወረሰ ነው። «ረንኩ»፣ እለቅማለሁ፣ የባልቲኮች የራሳቸው ይዞታ ነው፤ ከስላቮች ቤት ጠፍቷል። «ግሪቡስ» ደግሞ ከስላቭ ጎረቤት የተወሰደ ቃል ነው፤ ሩሲያውያን «ግሪብ» ይሉታል። የዚያን ቀን ቆሜ ስቀር ሴትዮዋ ያመመኝ መስሏቸው ነበር።

ውርስና ውሰትን መለየት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። «ቤት» የሚለው ቃላችን ከዐረብኛው «በይት» እና ከዕብራይስጡ «ባይት» ጋር ይመሳሰላል፤ ማንም ከማንም አልወሰደውም፣ ሁሉም ከሴም ቋንቋዎች አያት ወርሰውታል። «ሱቅ» ግን ከዐረብኛ የገባ ነው። ሁለቱም «ከዐረብኛ ጋር ይመሳሰላሉ» ቢባል እውነት ነው፤ የመመሳሰላቸው ምክንያት ግን ለየቅል ነው። አባትሽ የቆጠሯቸው አራቱ ቃላት፣ ራንካ፣ ጋልቫ፣ ዢዬማና ሌዳስ፣ በሙሉ እንደ «ቤት» ናቸው። «ግሪቡስ» ነው እንደ «ሱቅ» የሆነው።

አሁን ወደ ጠንካራው ነገር እንግባ። ሁለት ቋንቋዎች መመሳሰላቸው ብቻውን የቅርብ ወንድማማችነት ማስረጃ አይሆንም። ሊትዌንኛ በአሮጌ ነገር አጥባቂነቱ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ከላቲንም ከጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ ከሳንስክሪትም ጋር የሚያመሳስለው ብዙ አለ። ሁለት ልጆች ከአያታቸው የወረሱትን ጋቢ ሁለቱም ስለያዙ አንድ እናት አላቸው አይባልም፤ የአጎት ልጆችም ሊይዙት ይችላሉ። እኛ የምንፈልገው ሌላው ዘመድ ሁሉ የሌለውን፣ እነሱ ብቻ አብረው ያደረጉትን ለውጥ ነው።

የምወደው ምሳሌ ዘጠኝ ቁጥር ነው። በላቲን «ኖቬም»፣ በሳንስክሪት «ናቫ»፣ በጀርመንኛ «ኖይን»፤ የዚህ ቤተሰብ ዘጠኝ በ«ን» ነው የሚጀምረው። ወደ ሊትዌንኛ ስትመጪ «ዴቪኒ»፣ ላትቪኛ «ዴቪኚ»፣ ሩሲያኛ «ዴቪያት» ይሆናል። «ን»ው በ«ድ» ተተክቷል። ከየት መጣ? ቀጥሎ ከሚቆጠረው ከዐሥር ነው። ዐሥር በሊትዌንኛ «ዴሺምት»፣ በሩሲያኛ «ዴሲያት» ነው። ሰው በፍጥነት ሲቆጥር ቀጣዩ ቁጥር አፉ ላይ ቀድሞ ይደርሳል፣ የፊተኛውንም ቁጥር ድምፅ ይለውጠዋል። እንዲህ ያለ መንሸራተት አንድ ማኅበረሰብ ውስጥ አንድ ጊዜ ተከስቶ ልማድ ሆኖ ሲወረስ ለመገመት ቀላል ነው።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ ፕሩስኛ ግን አለ።

ፕሩስኛ ሦስተኛው የምናውቀው የባልቲክ ቋንቋ ነው፤ ዛሬ ተናጋሪ የለውም። ዛሬ ካሊኒንግራድ በሚባለው ግዛትና በሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ የሚኖሩ ሕዝቦች ቋንቋ ነበር። የቴውቶን ባላባቶች የተባሉ ጀርመናውያን የመስቀል ጦረኞች በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገሩን በጦር ያዙት፤ ከዚያ በኋላ ጀርመንኛ ቀስ በቀስ ዋጠው። ከ1709 እስከ 1711 በአካባቢው የገባው ወረርሽኝ የመጨረሻዎቹን ተናጋሪዎች ጨረሳቸው። ስማቸውን ግን ያሸነፏቸው ወሰዱት፤ በኋላ «ፕሩሲያ» ሲባል ዓለም የሚያስበው የጀርመኖቹን መንግሥት ሆነ። ከቋንቋው የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው። በ1400 ገደማ የተገለበጠ፣ 802 ቃላት ያሉት የጀርመንኛና የፕሩስኛ መዝገብ አለ። ሦስት የሉተራውያን የትምህርተ ሃይማኖት መጻሕፍት አሉ፤ ሁለቱ በ1545፣ ሦስተኛውና ትልቁ በ1561 ታትመዋል። ሦስተኛውን የተረጎመው አቤል ቪል የሚባል ጀርመናዊ የገጠር ቄስ ነው። ቋንቋውን በደንብ የሚያውቅ ረዳት አጠገቡ አስቀምጦ ነበር የሠራው፤ ያም ሆኖ ስሕተቱ ብዙ ነው። እኛ ግን ያለን እሱ ነው፤ የአንድ ሕዝብ ሙሉ ንግግር ለእኛ የደረሰን በአንድ ቄስ ጆሮ በኩል ነው። መጽሐፉን በገለጥኩ ቁጥር ይህ ያሳዝነኛል፤ ያለችውን እያንዳንዷን ገጽ ግን እንደ ወርቅ ነው የማያት።

የትምህርተ ሃይማኖት መጽሐፍ በመሆኑ ዐሥርቱ ትእዛዛት በተራ በተራ ተቆጥረውበታል። ዘጠነኛው ላይ ስትደርሺ «ስታስ ነዊንትስ ፓላይፕስ» ይላል፤ «ዘጠነኛው ትእዛዝ» ማለት ነው። «ነዊንትስ»! በ«ን» ነው። ፕሩስኛ እንደ ላቲንና እንደ ሳንስክሪት አሮጌውን ድምፅ ይዟል፤ ሊትዌንኛና ላትቪኛ ደግሞ ከስላቮች ጋር ቆመዋል። አንዳንድ ባለሙያዎች ተርጓሚው የአፍ መፍቻው ጀርመንኛ ተጽዕኖ አድርጎበት ነው ይላሉ፤ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ምስክሩ አንድ ብቻ አይደለም። በሊትዌንኛ ተኩላ «ቪልካስ» ነው፤ «የተኩላ» ለማለት «ቪልኮ» ይባላል። በሩሲያኛ «ቮልክ» ይባልና «የተኩላ» ሲሆን «ቮልካ» ይሆናል። ሁለቱም ዘርፍ አመልካቹን ያመጡት ድሮ «ከ…» የሚለውን ከሚያመለክት ሌላ ቅጥያ ነው፤ «ከተኩላ» የነበረው «የተኩላ» ሆነ። ይህ የጋራ ለውጥ ነው። ፕሩስኛ ግን «የእግዚአብሔር» ለማለት «ዴይዋስ» ይላል፤ በዚያ አዲስ ቅጥያ አልተጠቀመም።

ከዚህ ነው ኔዘርላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ ፍሬዴሪክ ኮርትላንት በ1977 ያነሣው ሐሳብ የሚመነጨው፤ እኔም ከዓመታት ማመንታት በኋላ የተቀበልኩት እሱን ነው። አንድ የባልቶ-ስላቭ ዘመን ነበረ። ከዚያ የወጡት ግን ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው፤ ፕሩስኛ ያለበት ምዕራባዊው፣ ሊትዌንኛና ላትቪኛ ያሉበት ምሥራቃዊው፣ ሦስተኛው ስላቭ። በዚህ አመለካከት «ባልቲክ» ከስላቭ ፊት ለፊት የቆመ አንድ ቤት አይደለም፤ እንደ ስላቭ በብርቱ ሳይለወጡ የቀሩት የሁለት ቤቶች የወል ስም ነው። ሁሉም የሙያ ባልደረቦቼ ይህን አይቀበሉም፤ ብዙ መማሪያ መጻሕፍትም አሁንም ባልቲክን እንደ አንድ ቅርንጫፍ ይሥላሉ። በባልቲክ ቋንቋዎች መካከል የሚታየው መቀራረብ ሲመረመር ግን አብዛኛው የቆየ ውርስ ሆኖ ነው የሚገኘው፤ አብረው ያመጡት ለውጥ ጥቂት ነው። የያዝነው መለኪያ ደግሞ ለውጥ ነው ብለናል፤ ለስላቭ ሲሆን ይዘነው ለባልቲክ ሲሆን ልንጥለው አይገባም።

የጋራ ለውጦቹን ዝርዝር እዚህ አልጨርሰውም፤ ሁለት ሦስቱን ግን ሳልነግርሽ አላልፍም።

አንዱን በ1978 ጀርመናዊው ቨርነር ቪንተር አሳተመው፤ በስሙም «የቪንተር ሕግ» ይባላል። ጥንታዊው የኢንዶ-አውሮፓዊ ቋንቋ ሁለት ዓይነት «ድ» ነበረው፤ አንዱ ተራ «ድ»፣ ሌላው ከትንፋሽ ጋር የሚወጣ «ድህ»። በባልቲክም በስላቭም ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ «ድ» ሆነዋል፤ አሁን ጆሮ አይለያቸውም። ነገር ግን ከተራው «ድ» በፊት የነበረው አጭር አናባቢ ረዝሟል፣ ከ«ድህ» በፊት የነበረው አልረዘመም። መቀመጥ በላቲን በአጭር አናባቢ «ሰድ-» ነው፤ በሊትዌንኛ ግን «ሴዴቲ» ሆኖ የመጀመሪያው አናባቢ ረጅም ነው፤ ስላቭም እንዲሁ አስረዝሞታል። «እመራለሁ» ግን የነበረው «ድህ» ስለሆነ በሊትዌንኛ «ቬዱ»፣ በሩሲያኛም «ቬዱ» ነው፤ በሁለቱም አናባቢው አጭር ነው። ተነባቢዎቹ ተደባልቀው ልዩነታቸው ከጠፋ በኋላ አናባቢው ብቻ ምስክር ሆኖ ቀረ። በዓለም ላይ ይህን ያደረጉ የኢንዶ-አውሮፓ ቋንቋዎች ባልቲክና ስላቭ ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ቅጽል ላይ ነው። በሊትዌንኛ «ገራስ» ጥሩ ማለት ነው፤ «ያ የታወቀው ጥሩው» ለማለት «ገራሲስ» ይባላል። መጨረሻው ላይ የተለጠፈው «ጂስ» የሚል «እሱ» ማለት የሆነ ተውላጠ ስም ነው። ጥንታዊው ስላቭ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለስላቮች የሰበኩት ወንድማማቾች ቄርሎስና ሜቶድዮስ ሲጽፉት ያንኑ ተውላጠ ስም ከቅጽሉ ኋላ ይለጥፍ ነበር፤ የዛሬው የሩሲያኛ «ዶብሪይ» መጨረሻ የዚያ ቅሪት ነው። ለእኛ ይህ አሠራር የቅርብ ነው፤ «ቤቱ» ስንል «የእሱ ቤት» እና «ያ የታወቀው ቤት» በአንድ ቅጥያ ይገናኛሉ።

ሦስተኛው አረፍተ ነገር ውስጥ ነው፤ ካውናስ ላይ በየቀኑ ትሰሚዋለሽ። «ጊዜ አለኝ» ሲሆን «ጊዜ» በተሳቢ መልኩ ይመጣል፤ «ጊዜ የለኝም» ሲሆን ግን ወደ ዘርፍ መልክ ይዞራል፤ «ኔቱሪዩ ላይኮ» ትያለሽ። ፖላንዳዊውም «ኒዬ ማም ቻሱ» ሲል ያንኑ ያደርጋል። አሉታ ሲገባ ነገሩ ከተሳቢነት ይወርዳል። አባትሽ ይህን ከሩሲያኛ ስለሚያውቁት አንቺ ስትሳሳቺ ፈጥነው ያርሙሻል።

ስለ ክርክሩ ታሪክም ትንሽ ልበል፤ መምህርሽ የዘጋችው በር ከዚያ ጋር ይያያዛልና። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ አውጉስት ሽላይኸር በ1852 በፕሩሲያ መንግሥት ሥር ወደነበረው የሊትዌኒያውያን አካባቢ ሄዶ ቋንቋውን ከገበሬዎች አፍ ተማረ፤ በ1856 ሰዋስዉን አሳተመ። የቋንቋ ቤተሰቦችን እንደ ዛፍ መሣል ያስለመደንም እሱ ነው፤ በዛፉ ላይ ባልቲክና ስላቭን ከአንድ ግንድ አወጣቸው። በ1908 ፈረንሳዊው አንትዋን ሜዬ ተቃወመው። ሁለቱ አጥባቂዎች ስለሆኑ ነው የሚመሳሰሉት፤ የቀረውን ደግሞ ጎን ለጎን ሲኖሩ ለየብቻቸው አመጡት አለ። ሜዬን በቀላሉ ማጣጣል አይገባም። ላትቪኛ እጅን «ሩዎካ» ይለዋል፤ «ን»ው ጠፍቶ ከሩሲያኛው «ሩካ» ጋር ተቀራርቧል፤ ይህን ግን ላትቪኛ በራሱ መንገድ አደረገው እንጂ ከሩሲያኛ አላመጣውም። ለየብቻ መጥቶ መመሳሰል በእርግጥ አለ። በ1957 ሌላው የቋንቋ ሊቅ ኦስቫልድ ሰመሬኚ ለየብቻ ሊመጡ የማይችሉ ናቸው ያላቸውን 14 ነጥቦች ደርድሮ መለሰለት። በተከታዩ ዓመት ሞስኮ ላይ በተደረገው የስላቭ ሊቃውንት ጉባኤ ቪያቼስላቭ ኢቫኖቭና ቭላዲሚር ቶፖሮቭ የድምፅና የሰዋስው መዋቅሩን ካነጻጸሩ በኋላ የአባትሽን አባባል የሚገለብጥ ሐሳብ አቀረቡ፤ ስላቭ ከአንድ ዳር ላይ ከነበረ የባልቲክ ዘዬ የወጣ ነው የሚል። ሁለቱም ከሶቪየት ኅብረት ነበሩ፤ የሩሲያኛን ኩራት ለመጠበቅ አልጻፉም።

ልዩነቱም ትልቅ ነው፤ መምህርሽ ያላት እውነት እዚህ ላይ ነው። ግሱን ብቻ ተመልከቺ። በሊትዌንኛ «ዲርባ» ማለት እሱ ይሠራል፣ እሷ ትሠራለች፣ እነሱ ይሠራሉ ነው፤ በሦስተኛ መደብ ነጠላና ብዙ አይለዩም። ሩሲያኛ «ራቦታዬት» እና «ራቦታዩት» ብሎ ይለያል። ሊትዌንኛ የወደፊቱን ጊዜ በአንድ ቃል፣ «ስ» ጨምሮ ያወጣል፤ እሠራለሁ «ዲርብሲዩ» ነው፤ ስላቮች ይህን ጥለውታል። ስላቭ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ድምፁን ለወጠ። የቃል መጨረሻ ተነባቢዎችን አረገፈ፤ «ክ» እና «ግ» እንደ «ኢ» እና «ኤ» ካሉ አናባቢዎች በፊት ሲመጡ ወደ «ች» እና «ዥ» ሄዱ። አራት በሊትዌንኛ «ኬቱሪ»፣ በሩሲያኛ «ቼቲሬ» ነው፤ ሕያው በሊትዌንኛ «ጊቫስ»፣ በሩሲያኛ «ዢቭ» ነው። «ሂድ» ለሴት ሲሆን «ሂጂ» እንደሚሆነው ያለ ነገር ነው። ስለዚህ «ተበላሸ» የሚለው ቃል የግድ ይነገር ከተባለ ወደ ሌላኛው ወገን ነው የሚሄደው፤ እኔ ግን ለማንኛውም ቋንቋ አልጠቀምበትም።

ከተለያዩ በኋላም ጎረቤትነታቸው አልተቋረጠም። ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኋላ ስላቮች ወደ ሰሜንና ምሥራቅ ሲስፋፉ የገቡበት አገር ባዶ አልነበረም። ሊትዌኒያዊው ካዚሚዬራስ ቡጋ፣ ኋላም በ1962 ቶፖሮቭና ኦሌግ ትሩባቾቭ፣ በላይኛው የዲኒፐር ወንዝ ዙሪያ ያሉትን የወንዝ ስሞች መርምረው አብዛኛው የቤላሩስና የምዕራብ ሩሲያ ምድር ቀድሞ ባልቲክ ተናጋሪ እንደነበረ አሳዩ። በቤላሩስ ቪቴብስክ ከተማ አጠገብ ያለችው የሉቾሳ ወንዝ ስም ሊትዌኒያ ውስጥ ካለው «ላውኬሳ» ጋር አንድ ነው፤ «አው» ወደ «ኡ»፣ «ክ» ወደ «ች» ተለውጦ ስላቭኛ ሆነ። የሩሲያ ዜና መዋዕልም ከሞስኮ ደቡብ ምዕራብ ባለው በፕሮትቫ ወንዝ ዳር የነበሩ «ጎሊያድ» የተባሉ የባልቲክ ሕዝቦችን በ1147 ይጠቅሳል። የስላቭ መንደሮች የበቀሉባቸው ብዙ ወንዞች ዛሬም ድረስ በባልቲክ ስማቸው ይጠራሉ።

የቃል ውሰቱም በሁለቱም አቅጣጫ ሄዷል። ሊትዌኒያ በ1387 ክርስትናን ስትቀበል ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ቃላት ከስላቭ ጎረቤቶቿ ገብተው ነበር፤ «ባዥኒቻ» ቤተ ክርስቲያን፣ «ቬሊኮስ» ፋሲካ፣ «ካሌዶስ» ገና። «ክኒጋ» የሚለው መጽሐፍም እንዲሁ ነው። የሊትዌኒያ ታላቁ መስፍናዊ መንግሥት በ1529፣ በ1566 እና በ1588 ያወጣቸው ሕጎች የተጻፉት በምሥራቅ ስላቭ ቋንቋ ነበር፤ ስለዚህ ውሰቱ አያስገርምም። በአጸፋው ሩሲያኛ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ለሚለቀመው ቢጫ የሙጫ ድንጋይ «ያንታር» የሚለውን ስም ከባልቲክ ወሰደ፤ የዛሬው ሊትዌንኛ «ጊንታራስ» ይለዋል። ጭልፋን «ኮቭሽ» የሚለውም ከሊትዌንኛው «ካውሻስ» የመጣ ነው።

ለመምህርሽ ግን እዘኚላት። ከ1864 እስከ 1904 የሩሲያ ዛር መንግሥት በላቲን ፊደል የታተመ የሊትዌንኛ መጽሐፍ ከልክሎ፣ በሩሲያ ፊደል ብቻ ይጻፍ ብሎ ነበር። ሰዎች ጸሎት መጽሐፋቸውንና የፊደል ገበታቸውን ከፕሩሲያ በኩል በጀርባቸው ተሸክመው፣ ድንበር ጠባቂ እየተኮሰባቸው፣ በሌሊት ያስገቡ ነበር። ከዚያ የሶቪየት ዘመን መጣ። ቋንቋው በእንዲህ ያለ መንገድ ለተረፈለት ሰው «የእናንተ ቋንቋ የሩሲያኛ ዘዬ ነው» ሲባል የሚሰማው ነገር ሳይንስ ሆኖ አይሰማውም። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ የቋንቋ ክፍል ውስጥ «ባልቶ-ስላቭ» የሚለውን ቃል እንደ ተራ ነገር አንሥቼ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከወንበራቸው ተነሥተው ወጥተውብኛል። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም፤ ውሎ አድሮ ተግባባን። ለመምህርሽ «ሊትዌንኛ ከሩሲያኛ ወጣ» ሳትዪ «ሁለቱ ከአንድ አያት ወጡ፤ አያቱን ይበልጥ የሚመስለውም የእናንተው ነው» ብትያት ፊቷ የሚጠቁር አይመስለኝም፤ ደግሞም እውነት ነው።

የአባትሽ ሩሲያኛ ይጠቅምሻል፤ ከምታስቢው በላይ። በስም ሙያዎች (ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ዘርፍ በሚባሉት)፣ በአሉታና በቅድመ ቅጥያ ግሶች አሠራር ከእሳቸው የተሻለ አስተማሪ ስልክሽ ውስጥ አታገኚም። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቂያቸው፤ «ሞተሪስ» ሲሰሙ እናት ይመስላቸዋል፤ ሴት ማለት ነው፤ እናት «ሞቲና» ናት።

ደግሞ ዛሬ ማታ ስትደውዪላቸው አንድ ነገር አድርጊ። በሩሲያኛ ራስን በባለቤትነት፣ ቀጥሎ በተሳቢነት እንዲሉልሽ ጠይቂያቸው። መጀመሪያ «ጎሎቫ» ሲሉ ጫናው፣ ማለትም በቃሉ ውስጥ ጠንክሮ የሚነገረው ክፍል፣ መጨረሻው ላይ ይወድቃል፤ ተሳቢው «ጎሎቩ» ሲሆን ጫናው ዘልሎ የመጀመሪያው ላይ ይወጣል። ከዚያ «ጋልቫ»ን አንቺ በይላቸው። ባለቤት ስትሆን ጫናዋ መጨረሻ ላይ ነው፤ ተሳቢ ስትሆን መጨረሻዋ ይረዝማል፣ ጫናው ግን ወደ ፊተኛው ይሄዳል። «ዢዬማ» እና «ዚማ»ም እንዲሁ ናቸው። በ«ራንካ» ግን አትሞክሪ፤ እሷ የምታሳየው ዝላይ ስዊዘርላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶሱር ያገኘው ሌላ፣ የሊትዌንኛ ብቻ የሆነ ኋለኛ ሕግ ውጤት ስለሆነ ታሳስታችኋለች። በ«ጋልቫ» ጀምሩ፤ ቀስ ብላችሁ፣ አንድ ጊዜ እሳቸው፣ አንድ ጊዜ አንቺ፣ ጫናው የት እንደሚወድቅ እያዳመጣችሁ።